«እማዬ፣ ደከመህ?» ለሰባተኛ ፎቁ የትዳር ቪዛ ክፍል ኃላፊ

ይድረስ ለተከበሩ የትዳር ቪዛና የመኖሪያ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ፤
ሰባተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተቀኝ።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለመሆኑ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? ጉልበትዎስ? ስለ ጉልበትዎ ለይቼ መጠየቄን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ የሕንፃው ሊፍት «ለጥቂት ቀናት በጥገና ላይ ነው» የሚል ወረቀት ከተለጠፈበት ሁለት ዓመት ስላለፈው፣ ክቡርነትዎ በየማለዳው መቶ አርባ ስድስት ደረጃ እየወጡ ሕዝብ የሚያገለግሉ ሰው መሆንዎን ራሴ ስድስት ጊዜ ወጥቼ ስድስት ጊዜ ቆጥሬ ስላረጋገጥኩ ነው። አንድ ጊዜ መቶ አርባ አምስት መጥቶብኝ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ከእናቴ ጋር እየተጨቃጨቅን ስለነበር ቆጠራውን ሰርዤዋለሁ።

ራሴን ላስተዋውቅ። ዕድሜዬ አሥራ ስድስት ነው። አረንጓዴ ፋይል ታቅፋ የምትመላለሰው፣ ለውጭ አገር ባሏ ስፖንሰር ሆና ያመለከተችው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነኝ። ነገሩ አጭር ነው፤ ያስረዘመው የእናንተ ፋይል ነው። እናቴ ወላጅ አባቴ ካረፈ በኋላ እኔን የአራት ዓመት ልጅ ይዛ ውጭ አገር ሄደች፤ አሥራ አንድ ዓመት ኖረች፤ እዚያው የዚያን አገር ሰው አገባች፤ ከአሥራ አራት ወር በፊት እኔን ይዛ ተመለሰች። ባሏ ቪዛ ስለሚያስፈልገው «መጣሁ» ብሎ እዚያው ቀረ። መሥሪያ ቤትዎም ትዳሩ እውነተኛ ስለመሆኑ ተጠራጠረ። በደረሰን የመጨረሻ ደብዳቤ መሠረት በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ «አዲስና አሳማኝ ማስረጃ» ካላቀረብን ፋይሉ ይዘጋል፤ ከተዘጋ ደግሞ ሁለት ዓመት ሳይሞላ እንደገና ማመልከት አይቻልም።

እኔ በበኩሌ ልመሰክር መጥቼ ነበር። በመስኮት አራት የተቀመጡት መርማሪ ግን (ስማቸውን ስላልነገሩን በቤታችን «መስኮት አራት» ነው የምንላቸው) ከመነጽራቸው በላይ አይተውኝ «አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ ልጅ አይመሰክርም፤ ሂጂ ቁጭ በይ» አሉኝ። ሄጄ ቁጭ አልኩ። አግዳሚ ወንበራችሁ አንድ እግር ስለጎደለው ግን ጫፉ ላይ የተቀመጠ ሰው ሲነሣ እኔ ወደ ሌላው ጫፍ ተንሸራተትኩ፤ እየተንሸራተትኩም ግድግዳችሁ ላይ የተለጠፈውን ሁሉ አነበብኩ። ልጅ መመስከር እንደማይችል ተጽፏል። ልጅ ግልጽ ደብዳቤ መጻፍ እንደማይችል የሚል ግን የለም።

ስለዚህ ለቤተሰባችን ለዋላችሁት ውለታ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ። ቁጥር የሌለው ጽሑፍ በመስኮት አራት እንደማያልፍ ሦስት ጊዜ ስለተመለስን ተምረናል።

1ኛ. በቅጹ ላይ «ከትዳር ጓደኛዎ ጋር የት ተዋወቁ?» ለሚለው ጥያቄ እናቴ «ሊፍት ውስጥ ተቀርቅሬ» ብላ ስትመልስ፣ ከጎኑ በእርሳስ «የማይመስል ነገር» ብላችሁ ስለጻፋችሁልን እናመሰግናለን። እውነት ነው፣ ሊፍት ተበላሽቶ ሰው ሲንገላታ ማን አይቶ ያውቃል? ሆኖም የሆነው ይህ ነው። እኔ አምስት ዓመቴ ነበር፤ እናቴ የስፌት መኪናዋን ተሸክማ ወደ አራተኛ ፎቅ ስንወጣ ሊፍቱ መሀል ላይ ቀጥ አለ። እኔ አለቀስኩ፤ እናቴ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ትለኛለች። ሊፍት ጠጋኙ መጣና ከበሩ ውጭ ሆኖ መፍታት ጀመረ፤ ምን ማለት እንደሆነ ሳያውቅ እሱም በበሩ ስንጥቅ «አይዞሽ! አይዞሽ!» እያለ ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ጮኸ። በሩ ሲከፈት እኔ ማልቀሴን ትቼ እስቃለሁ። በኋላ እናቴን በገዛ ቋንቋው «ያ ቃል ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቃት «ልጅ ሲፈራ የሚባል ነው» አለችው። ይህችን መልስ እባክዎን አይርሷት፤ ክቡርነትዎን ለዚህ ሁሉ የዳረገች እሷ ናት።

2ኛ. «ባልና ሚስቱ ላለፉት አሥራ አራት ወራት አብረው አለመኖራቸው በትዳሩ እውነተኛነት ላይ ጥርጣሬ አሳድሯል» ስላላችሁን እናመሰግናለን። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቪዛ ስለሌለው አብረው አይኖሩም፤ አብረው ስለማይኖሩ ቪዛ የለውም። ለአያቴም አነበብኩላቸው። አያቴ የእናቴ አባት ናቸው፤ አርባ ዓመት የአማርኛ ሰዋስው ያስተማሩ ጡረተኛ መምህር። ከውጭ የተመለስነውም እሳቸው መታጠቢያ ቤት ወድቀው ዳሌያቸው ስለተሰበረ ነው፤ በእሳቸው አነጋገር ግን «እኔ አልወደቅኩም፤ ወለሉ ነው የተነሣብኝ»። ደብዳቤያችሁን ከእጄ ተቀብለው በቀይ እስክሪብቶ አረሙና ዘጠኝ ስህተት አግኝተው ከአሥር አራት ሰጧችሁ። የታረመውን ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ተስፋ እንድትቆርጡ አይደለም፤ ከእኔ ክፍል ልጆች ውስጥ ሁለት አግኝተው በኋላ የተሻሻሉ አሉ።

3ኛ. የጋራ ፎቶግራፍ አምጡ ስትሉን አሥራ ስምንት አመጣን። የእንጀራ አባቴ (ቃሉ የቅጻችሁ ነው) ሁልጊዜ ፎቶ አንሺው እሱ ስለሆነ በአሥራ አራቱ ላይ የሚታየው አውራ ጣቱ ብቻ ነው፤ ሌንሱ ጠርዝ ላይ፣ ሮዝ ሆኖ፣ ጥፍሩ ሥር ግሪስ ያለበት። ክፍላችሁም «አውራ ጣት ማንነትን አያረጋግጥም» ሲል ወሰነ። ይህ ውሳኔ የተነገረን እናቴ ማንነቷን ለማረጋገጥ በአውራ ጣቷ አሻራ በሰጠች በአራተኛው ደቂቃ ነው። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር።

4ኛ. «ቤተሰብ የሚጠራበት ሌላ ስም ካለ ይጠቀስ» ለሚለው እሱ በገዛ እጁ «አንተ» ብሎ ጽፎ ነበር። ይህን ስም በሌሎች ሰነዶች ላይ ፈልጋችሁ ስላጣችሁት ማብራሪያ ጠይቃችኋል። ማብራሪያ፦ እናቴ ባሏን የምትጠራው «አንተ!» እያለች ነው። ከወጥ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ መንገድ፣ «አንተ! ቁልፍህን ረሳህ!» ምስኪኑ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ የአማርኛ ስም የወጣለት መስሎት ለሰው ሁሉ «ስሜ አንተ ይባላል» እያለ ራሱን ሲያስተዋውቅ ነበር። ፍለጋችሁን እንድታቆሙ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ በዚህ ስም የሚጠሩ ባሎች ብዛት ሠራተኞቻችሁን እንዳያደክም።

5ኛ. (ይህ ቁጥር እናቴ አንብባው «ይሄንን አውጪው፣ ሰው ምን ይለኛል» ስላለችኝ ወጥቷል። የሆነው በአራተኛውና በአምስተኛው ፎቅ መካከል ደረጃው ላይ መሆኑን፣ እናንተንም ማንንም አለመሳደቧን ብቻ እገልጻለሁ።)

6ኛ. አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ወደ ቃለ መጠይቁ።

እናቴ በቅጹ ላይ «የምትግባቡበት ቋንቋ» ለሚለው በኩራት «አማርኛ» ብላ በመጻፏ፣ መስኮት አራት ይህንኑ ለማጣራት ባሏን በቪዲዮ ጠየቁት። እናቴና እኔ ትንፍሽ እንዳንል ታዝዘን ከጎን ተቀመጥን። አስተርጓሚ ይፈልግ እንደሆነ ሲጠየቅ «አይ፣ አማርኛ አለኝ» አለ፤ እንደ ወፍ በሽታ ወይም እንደ ጃንጥላ ነገር አለኝ ማለቱ ነው። ነገር ግን እውነቱን ነው፣ አለው። «ስለ ባለቤትዎ ይንገሩኝ» ሲባልም ሳያመነታ እንዲህ አለ፦ «እሱ ሻይ ይወዳል፤ ስኳር አይወድም። ሲሰፋ ያፏጫል። ሲናደድ ንጹሕ ሳህን እንደገና ያጥባል።» ከቃሉ አንድም ሐሰት አልነበረም። ቀጥሎም በስክሪኑ ላይ እናቴን አያትና መርማሪዋን ረስቶ «እማዬ፣ ደከመህ? ፊትህ ደክሟል» አላት። ለመስኮት አራትም በታላቅ አክብሮት «አንተም ደክመሃል፤ ውሃ ጠጣ» አላቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጣው ውሳኔ፣ አመልካቹ የሚስቱን ጾታ በውል እንደማያውቅ፣ «እማዬ» ብሎ በመጥራቱም የሥጋ ዝምድና ጥያቄ እንደሚነሣ፣ መርማሪዋንም ወንድ ማድረጉን ዘርዝሮ ገልጿል። ስለ ጥንቃቄው እናመሰግናለን፤ ሰውዬው ከእናቴ በሦስት ዓመት ስለሚበልጥ ልጇ የሚሆንበትን ስሌት ግን የሒሳብ አስተማሪዬም ሊሠራልኝ አልቻለም።

ክቡር ሆይ፤ ይህ ሰው አማርኛን ከመጽሐፍ አልተማረም። ከመጽሐፍ ቢማር አንተም አንቺም በአንድ ገጽ ጎን ለጎን ተሰልፈው ያገኛቸው ነበር። ከአስተማሪም አልተማረም። ከእናቴ ጓደኞችም አልተማረም፤ በዚያ ከተማ አማርኛ የሚናገር ከእናቴና ከእኔ በቀር አልነበረም። የተማረው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአንዲት ሴት አፍ፣ እሷ ለእሱ ስትናገር እየሰማ ነው። ደከመህ? በላህ? ና እስቲ። ያችን አምጣልኝ። ሴት ለባሏ ስትናገር በወንድ ነው የምትናገረው፤ እሱም የሰማውን መልሶ ሰጣት። ለእኔ ስትናገር ደግሞ አንቺ፣ ነይ፣ ብዪ፣ አይዞሽ። ሰውዬው ማሽን የሚፈታ አእምሮ ስላለው ይህንንም ፈትቶ አንድ ሕግ አወጣ፦ አንቺ የሚባለው ልጅ ነው፤ አንተ የሚባለው አዋቂ ነው። «እማዬ» ደግሞ እኔ ስጠራት ስለሚሰማ የሚስቱ ስም ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም።

እዚህ ላይ ምስክርነቴ ተቀባይነት እንደሌለው እያወቅኩ አንድ ነገር ልመስክር፤ በራሴ ላይ ነው። እኔ ስህተቱን በስምንት ዓመቴ አውቄዋለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ይስተካከል ነበር። አልተናገርኩም፤ ያስቀኝ ነበር። እናቴን «ለምን አታርሚውም?» ስላት «ተዪው፤ እንደሱ የሚጠራኝ ሌላ ሰው የለም» ብላ ዝም አሰኘችኝ። እንግዲህ እሷ ስለወደደችው፣ እኔ ስለሳቅኩበት፣ እሱ ሁለታችንንም ስላመነ ነው ይህ ፋይል መስኮት አራት የደረሰው። አሁን ሲታሰብ ሳቁ ትንሽ ተወዶብኛል።

ባለፈው ወር አሥራ ስድስት ሲሞላኝ ደወለ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ለብሷል። ከዚያም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «እንኳን ደስ አለህ። ከዛሬ ጀምሮ አንተ ነህ» አለኝ። እኔ ማዕረግ ሲሰጠኝ አይቼ አላውቅም፤ ከትምህርት ቤት የማውቀው ነጥብ ሲቀነስብኝ ነው። በቀጣዩ ሳምንት መስኮት አራት «አንቺ ገና ልጅ ነሽ» ሲሉኝ ፈገግ ያልኩት ለዚያ ነው። ንቀት አልነበረም።

7ኛ. «አመልካቹ ለሁለተኛ ጊዜ ይጠየቅ» ስላላችሁ ደግሞ ከሁሉ በላይ አያቴ ያመሰግኗችኋል።

አያቴ ልጃቸው ፈረንጅ ካገባችበት ጊዜ ጀምሮ ከሰውዬው ጋር ቃል ተለዋውጠው አያውቁም ነበር። ስሙን ጠርተውት አያውቁም፤ «ያ ሰውዬ» ነው። «ያ ሰውዬ ደወለ እንዴ?» ነው። የእናንተን ውሳኔ ካረሙ በኋላ ግን ቀይ እስክሪብቶውን ከድነው «ያን ሰውዬ ጥሩልኝ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ በየቀኑ ከምሳ በኋላ፣ ስልኩን በመድኃኒት ጠርሙሳቸው ላይ አስደግፈው አስተማሩት። አስተማሩት ስል ጎረቤት ድረስ ይሰማል ማለቴ ነው። «በል፦ አንቺ በላሽ።» «አንቺ በላሽ።» «ማን ናት የበላችው?» «ልጅ።» «ልጅ አይደለችም፣ ሚስትህ ናት!» «አባባ፣ ሚስቴ ልጅ አይደለም።» «ወይ ፈጣሪዬ! እንደገና!» በሁለተኛው ሳምንት አያቴ ሲነሡ በትራቸውን ረስተው እስከ በሩ ድረስ በእግራቸው ሄዱ፤ ሐኪማቸው እዚህ ለመድረስ ገና ስድስት ወር እንደሚፈጅባቸው ነግረውን ነበር። በሦስተኛው ሳምንት «ተማሪዬ ዛሬ ዘገየ» ሲሉ ሰማኋቸው። ከአሥር ስድስት ሰጡት። ለእናንተ ከሰጡት በሁለት ይበልጣል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ እናቴ ወጥ ቤት ነበረች። ንጹሕ ሳህን ታጥባለች።

አንድ ቀን ከትምህርቱ በኋላ እሷን ስልክ ላይ አገኛትና፣ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን እንደ ብርጭቆ በሁለት እጁ ይዞ «ደከመሽ?» አላት። እናቴ ስልኩን ከጆሮዋ አንሥታ የደወለው ማን እንደሆነ ቁጥሩን አየች።

ሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ያለ እንከን አለፈ። እሷ፣ ትወዳለች፣ ትሰፋለች፣ ባለቤቴ ናት፤ መስኮት አራትም እርስዎ ተባሉ። እኔ የማላውቀው ሰው ነበር ስክሪኑ ላይ ያለው፤ እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ። የእናንተም መልስ ባለፈው ሳምንት ደረሰን፦ «የአመልካቹ አነጋገር የተጠና ይመስላል።» አያቴ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ትምህርት ምን ሊመስል ኖሯል?» ብለው ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። በትክክል ሲናገር ውሸታም፣ ሲሳሳትም ውሸታም ከሆነ፣ ሦስተኛ አነጋገር ብትጠቁሙን አያቴ ያስተምሩታል፤ ጊዜ አላቸው።

ቁጥሬ እዚህ ላይ ያበቃል። የሚቀረኝ በመዝገባችሁ ያልገባ አንድ ነገር ነው።

ሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ሲያልቅ መስኮት አራት «ጨርሰናል፣ አመሰግናለሁ» ብለው መዝገቡን ዘጉት፤ በገመድ የታሰረችውን እስክሪብቶም ከደኗት። እናቴ አረንጓዴ ፋይሏን እየሰበሰበች ነው። ስክሪኑ ገና አልጠፋም። ዜና አንባቢው እዚያ ማዶ ትከሻውን ጣል አደረገ፣ ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገና ወደ እናቴ ጎንበስ ብሎ እንዲህ አለ፦

«እማዬ፣ ሊፍት አሁንም አይሠራም፣ አይደል? ደረጃው ብዙ ነው። ተጠንቀቅ። ቀስ በል።»

እናቴ «እሺ» አለች። መስኮት አራት ቀና ብለው ስክሪኑን አዩ፤ ቀጥሎ እናቴን አዩ፤ እስክሪብቶዋን ነካ አድርገው ተዉአት። «ይቺን ይጻፉልኝ» ብዬ ለመንኳቸው። በለሰለሰ ድምፅ፣ እውነቴን ነው በለሰለሰ ድምፅ፣ «መዝገብ ከተዘጋ በኋላ የተነገረ አይጻፍም፣ የኔ ልጅ» አሉኝ።

የእሱ ሥራ ክፍት በሆነ የሊፍት ጉድጓድ አፋፍ ላይ መቆም ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በየማለዳው፣ የመሣሪያ ሳጥኑን አንሥቶ ሲወጣ እናቴ በሩን ይዛ «ተጠንቀቅ። ቀስ በል» ትለዋለች። በሁለቱ ቃላት መካከል ትንሽ ታርፋለች፤ ከንፈሯን በጥርሷ ያዝ ታደርጋለች። ያን ቀን በሰባተኛ ፎቅ የሰማሁት ያንኑ ነው፤ ዕረፍቱም አልቀረም። ቃሉ የእሷ ነው፤ እሷ ለእሱ የሰጠችውን እሱ ለደረጃው መለሰላት። እንዲህ ያለውን ነገር አጥንቶ መናገር የሚችል ሰው ካለ ክቡርነትዎ ያምጡልኝና እኔ ራሴ ቪዛ እሰጠዋለሁ።

ቤት ስንደርስ አያቴ «ተማሪዬ እንዴት ሆነ?» አሉ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ነገርኳቸው። እጃቸው ወደ ቀዩ እስክሪብቶ ሄደ፤ «ስህተት ነው» አሉ። እስክሪብቶውን ግን ወደ ኪሳቸው መለሱትና «ተዉት፣ እንዳታርሙት» አሉ። ከዚያ ወዲህ ከምሳ በኋላ ይደዋወላሉ እንጂ ትምህርት የለም። ስለ ዳሌና ስለ ሊፍት ገመድ ያወራሉ።

እንግዲህ «አዲስና አሳማኝ ማስረጃ» ያላችሁት ይህ ነው፤ በአሥራ አንድ ቀኑ ውስጥ አቅርቤያለሁ። የምለምነው ሌላ ቃለ መጠይቅ አይደለም። መስኮት አራት ያን መዝገብ ከፍተው የሰሟትን አንዲት መስመር ይጨምሩበት፤ ፋይሉ የሚዘጋ ከሆነም እሷን ይዞ ይዘጋ። መስኮት አራት ሰምተዋል። መስማታቸውን ደግሞ እኔ አይቻለሁ፤ ልጅ ብሆንም።

የክቡርነትዎን ጊዜ ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ መቶ አርባ ስድስቱም ደረጃ ለጉልበትዎ እንዲቀልልዎ ከልቤ እየተመኘሁ፤

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የልብስ ሰፊዋ ልጅ፣ የመምህሩ የልጅ ልጅ፣ በቅጻችሁ አጠራር የእንጀራ ልጅ፣ በቤታችን አጠራር ልጅ፣
በክፍላችሁ ደንብ ምስክር ለመሆን ያልበቃች፣
በአባቴ ሰዋስው ግን ካለፈው ወር ጀምሮ አዋቂ።

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ጊዜ ስንወርድ እናቴ ስልኳን በሦስተኛ ፎቅ የሊፍት በር ላይ አስጠግታ፣ መጥሪያውን በመጫን አባቴ የሞተሩን ድምፅ እንዲሰማ አድርጋ ነበር። ሞተሩ ደኅና መሆኑን፣ የተበላሸው የበሩ መቆለፊያ ብቻ መሆኑን፣ አርባ ደቂቃ ሥራ እንደሆነ ነግሮናል። በደስታ ይጠግነዋል፤ ግን እዚህ መገኘት አለበት፤ እዚህ ለመገኘት ደግሞ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ቪዛው ያለው ሰባተኛ ፎቅ ነው። እስከዚያው ግን ክቡር ሆይ፣ ማታ ከቢሮ ሲወጡ ደረጃው ብዙ ነውና ተጠንቀቅ። ቀስ በል። አክብሮት ጎደለው ብለው እንዳይቆጡኝ፤ እኛ ቤት ከዚህ በላይ አክብሮት የለም።